የመርካቶ ሒሳብ
ቁጥርን ለሕዝብ የማስረዳት ጥበብ ታሪክ

ሒሳብ ከዕውቀት ዘርፎች ሁሉ ረቂቁና ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተሰጠው ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙ አገር ሥር ሰድዶ ይገኛል። ይሁን እንጂ ሒሳብ የሌለበት ገበያ፣ ገበያም የሌለው ሕዝብ በዓለም ላይ የለም። ፊደል ያልቈጠረ ነጋዴ ትርፉን ከኪሳራው ለይቶ ያውቃል፤ ያበደረውን፣ የተበደረውን፣ በዱቤ የሰጠውን ሁሉ በቃሉ ይዞ ያድራል። እንግዲህ ሊቁ «ሕዝቡ ሒሳብ አያውቅም» ሲል፣ ሕዝቡም በበኩሉ «ሒሳብ የተማረ ሰው ሥራ ነው» ሲል፣ ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ እየተነጋገሩ ነው ማለት ይቻላል።

የሒሳብንና የኮምፒዩተርን ዕውቀት ሙያው ላልሆነው ሰው ለማስረዳት የሚደረገው ጥረት የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱን ለመድፈን በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ዘዴዎች ተሞክረዋል። ከእነዚህም መካከል ፍሬ ያፈሩት፣ ሰውየው አስቀድሞ ከሚያውቀው ስሌት ተነሥተው ወደማያውቀው የሚያደርሱት ናቸው። ለዚህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ውስጥ ከመርካቶ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ገበያውና ተራው

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ዋናው ገበያ ለረጅም ዘመን የቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረችበት ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ለከተማይቱ አዲስ ፕላን ሲወጣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። ሥፍራውም በወራሪው ቋንቋ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ለማለት «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ። ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት የታሰበው ዕቅድ ከወራሪው ጋር አብሮ ሲወድቅ ገበያው ግን በቦታው ቀረ። ከስሙም የኋለኛው ቃል ተጥሎ የፊተኛው ብቻ በሕዝቡ አፍ መርካቶ ሆኖ ጸና። ሠፈሩም አዲስ ከተማ ተብሎ ይጠራል።

መርካቶን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ እንግዳ ትርምስ ብቻ የሚመለከት ይመስለዋል። በመሠረቱ ግን ገበያው ጥብቅ ሥርዓት አለው። ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ ጫማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ ዕቃው በየዓይነቱ ተመድቦ ይገኛል። እህል ፈላጊው ወደ እህል በረንዳ፣ አሮጌ ብረትና ጠርሙስ ፈላጊው ወደ ምናለሽ ተራ ያመራል። ይህ ምደባ ለሸማቹ የሚያተርፍለትን ጊዜ በቁጥር ማስላት ይቻላል። አንድ ሺህ ሱቆች ያለ ምንም ቅደም ተከተል ቢደባለቁና የሚፈለገው ዕቃ ከነዚህ በአንዱ ብቻ ቢገኝ፣ ሸማቹ በአማካይ 500 ያህል ሱቆችን ለመጠየቅ ይገደዳል። ዕቃው በተራ ሲመደብ ግን የአብዛኛዎቹን ደጃፍ ሳይረግጥ በቀጥታ ወደ ሥፍራው ይደርሳል።

የኮምፒዩተር ባለሙያዎች መረጃን ስለ መደርደርና ስለ መፈለግ የሚያስተምሩት ትምህርት መሠረቱ ይኸው ነው። ባለሙያው «የመረጃ አደረጃጀት» ብሎ ሲጀምር ፊቱን የሚያዞር አድማጭ፣ «ዕቃው ሁሉ ያለ ተራ ቢበተን መርካቶ ምን ትሆን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን ራሱ ይሰጣል። ችግሩን ካወቀ በኋላ ደግሞ መፍትሔውን ለመስማት ጆሮውን አይነፍግም።

መስፈሪያና ገንዘብ

በኢትዮጵያ ገበያ የቀድሞው መለኪያ የሰው አካል ነበር። ሸማ በክንድ ይለካል፤ ከክንድ የሚያንሰው በስንዝር፣ ከስንዝር የሚያንሰው በጋት፣ ከጋት የሚያንሰው በጣት ይታወቃል። የሁሉም ሰው ክንድ እኩል ስላልሆነ ገዢው ረጅም ክንድ ያለውን ሰው ይዞ ገበያ መውጣቱ፣ ሻጩም በራሱ ክንድ ልለካ ማለቱ ያለና የነበረ ነገር ነው። የክብደቱ መለኪያ ወቄት በበኩሉ በአንድ የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ይኸውም 28 ግራም ያህል ይሆናል። ፈረሱላ በቡና ንግድ ዛሬም የሚሠራበትና 17 ኪሎ ግራም የሚታሰብ ሲሆን፣ በቀድሞው ዘመን እንደ ዕቃውና እንደ አገሩ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት ሰፊ ጥናት የእነዚህን መለኪያዎች ብዛትና ልዩነት ዘርዝሮ ያሳያል።

በዚህ ሁኔታ የሚነግድ ሰው ቁጥርን ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ዘወትር መመንዘር ነበረበት። ስለዚህም ለአእምሮ የሚቀልለውን መንገድ መረጠ፤ መንገዱም ማጋመስና ማጠፍ ነው። አንድን ነገር ለሦስት ወይም ለሰባት መክፈል ያስቸግራል፤ ለሁለት መክፈል ግን ሕፃን ልጅም ያውቅበታል።

ይህ ጠባይ በገንዘቡም ላይ ታትሞ ይታያል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ መውጣት የጀመሩት ገንዘቦች ሲመረመሩ ከአንድ ብር ቀጥሎ ግማሹ አላድ፣ የአላድ ግማሽ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ ተሙን ሆነው ይገኛሉ። ተሙን ማለት የብር ስምንተኛ ነው። ከመዳብ ከተሠሩት መካከልም የብር 32ኛ እጅ የሆነ ገንዘብ ነበር። የብር 20ኛ ሆኖ የተመታው ግርሽ ከዚህ የመጋመስ ሥርዓት ውጭ ቢሆንም፣ ብር፣ አላድ፣ ሩብና ተሙን እየተባባሉ የሚወርዱት ገንዘቦች እያንዳንዳቸው የበላያቸው ግማሽ እንደሆኑ ማንኛውም ነጋዴ ያለ አስተማሪ ያውቀው ነበር።

ማጋመስና ማጠፍ

በዚሁ ዘዴ የማባዛት ሥራ እንዴት እንደሚከናወን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ነጋዴ 13 ፈረሱላ ቡና ሸጠ እንበል፤ የአንዱ ፈረሱላ ዋጋ 24 ብር ነው። ነጋዴው የማባዣ ሠንጠረዥ አልተማረም። የሚያውቀው ማጋመስን፣ ማጠፍንና መደመርን ብቻ ነው።

በአንድ ወገን 13ን ያስቀምጥና እያጋመሰ ይወርዳል፤ ከግማሽ የሚተርፈውን ይጥለዋል። ስለዚህ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል። በሌላው ወገን 24ን አስቀምጦ በዚያው ልክ እያጠፈ ይወርዳል፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይሆናል። ከዚህ በኋላ የግራው ቁጥር ተጋማሽ የሆነበትን መስመር ይሰርዛል። በዚህ ምሳሌ ተጋማሹ 6 ብቻ ስለሆነ ከጎኑ ያለው 48 ይሰረዛል። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ። በትምህርት ቤት ዘዴ 13 በ24 ሲባዛም የሚገኘው ያው 312 ነው።

ለመሆኑ ተጋማሹ መስመር ለምን ይሰረዛል? ምክንያቱ ምትሐት አይደለም። 13 ፈረሱላ ማለት 8 ፈረሱላ፣ 4 ፈረሱላና 1 ፈረሱላ አንድ ላይ ማለት ነው። 24 የአንዱ፣ 96 የአራቱ፣ 192 የስምንቱ ፈረሱላ ዋጋ ነው። 48 የሁለት ፈረሱላ ዋጋ ሲሆን፣ 13 ከ8፣ ከ4 እና ከ1 ሲሠራ 2 አላስፈለገውምና ይቀራል። በማጋመሱ ጊዜ አንድ የሚተርፍበት ጎዶሎ ቁጥር «ይህ እጅ ያስፈልጋል» ሲል፣ የማይተርፍበት ተጋማሽ ቁጥር «ይህ እጅ አያስፈልግም» ይላል።

ይህ የማባዛት ዘዴ በብዙ የዓለም መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» በሚል ስም ይታወቃል። ሮዜታ ኮድ የሚባለው፣ አንድን ጥያቄ በልዩ ልዩ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ሠርቶ የሚያሳይ ስብስብም በዚሁ ስም መዝግቦታል። ከስሙ ጋር አንድ ታሪክ አብሮ ይነገራል። አንድ የውጭ አገር ኮሎኔል በኢትዮጵያ ሲጓዝ እያንዳንዳቸው 22 ብር የሚያወጡ ሰባት በሬዎች ለመግዛት ፈለገ። ሻጩም ገዢውም ማባዛት ስላላወቁ ቄስ ተጠራ፤ ቄሱም ጉድጓዶች ቈፍሮ በጠጠር እያጋመሰና እያጠፈ 154 ብር መሆኑን ነገራቸው፤ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት ጉድጓድ ክፉ መንፈስ አለበት ተብሎ ጠጠሩ ወጥቶ ተጣለ ይባላል።

ታሪኩ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም እንደ ታሪክ ማስረጃ ሊቈጠር አይገባውም። ተራኪዎቹ የሚያቀርቡት ባለታሪኮቹን በስም፣ ሥፍራውን በትክክል፣ ጊዜውንም በዓመት ሳይጠቅሱ ነው። ከዚህም በላይ ዘዴው የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በሩሲያ ገበሬዎች ስም የሚጠራው ማባዣ ይኸው ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ጥንታዊ ማስረጃ ደግሞ የሚገኘው በዓባይ ወንዝ በታችኛው ተፋሰስ ነው። አሕሞስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ ከ3,500 ዓመታት በፊት የገለበጠውና አሌክሳንደር ሄንሪ ራይንድ እ.ኤ.አ. በ1858 በሉክሶር የገዛው፣ አሁንም በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው ፓፒረስ፣ ማባዛት በማጠፍና የሚያስፈልገውን እጅ መርጦ በመደመር ይሠራ እንደነበረ ያሳያል።

የክፉ መንፈሱን ወሬ የጨመሩት ሰዎች ምናልባት ሒሳቡን ለማጣፈጥ አስበው ይሆናል። ውጤቱ ግን ጉዳት አለው። ዘዴውን ለአድማጭ ያስታውሰዋል፣ ምክንያቱን ግን ይሸፍንበታል፤ ኢትዮጵያዊውንም ያለ ማስተዋል የሚሠራ አስመስሎ ያቀርበዋል። ዕውቀትን ለሕዝብ የማቅረብ ሥራ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ማጣፈጫው ምክንያቱን የሚያስረሳ ከሆነ ሰሚው ተደሰተ እንጂ ተማረ አይባልም። 22 በ7 ሲባዛ 154 መሆኑን ግን ቄሱም ኮሎኔሉም ባይኖሩ ማንም ሰው ጠጠር ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል። ታሪኩን ለመቀበል እምነት ያስፈልጋል፤ ሒሳቡን ለመቀበል ግን ጠጠር ይበቃል።

ከጠጠር ወደ ኮምፒዩተር

ቀደም ሲል በታየው ምሳሌ ጎዶሎውን ቁጥር በ1፣ ተጋማሹን በ0 ብንወክል፣ 13፣ 6፣ 3፣ 1 የሚሉት ቁጥሮች ከታች ወደ ላይ ሲነበቡ 1፣ 1፣ 0፣ 1 ይሰጣሉ። ይህም 13 በሁለት ምልክቶች ብቻ ሲጻፍ የሚኖረው መልክ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ ቁጥርን ሁሉ በ0ና በ1 የመጻፍን ሥርዓት የሚያብራራ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1703 አቀረበ። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ባዘጋጀው የማስትሬት ጥናት፣ የሚበሩና የሚጠፉ የኤሌክትሪክ ማብሪያዎች የሎጂክንና የቁጥርን ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳየ። የዛሬው ኮምፒዩተር የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ሲሆን፣ ማባዛትን ከሚሠራባቸው መንገዶች ቀላሉም ማጠፍና መደመር ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጥንት ነጋዴ ያጋምስ ነበር ማለት ኮምፒዩተርን ፈለሰፈ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው አነጋገር የአገር ፍቅር ቢመስልም ሕዝቡን ይሸነግላል እንጂ አያስተምርም። የሚያስተምረው ቃል «ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው አንተ አስቀድመህ የምታውቀውን ነው፤ ልዩነቱ በፍጥነቱና በማይደክመው ጉልበቱ ላይ ነው» የሚለው ነው።

በዚሁ መንፈስ የተነሡ መምህራን በሌሎች አገሮችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቲም ቤል፣ ኢያን ዊተንና ማይክ ፌሎውስ የኮምፒዩተርን ሳይንስ ያለ ኮምፒዩተር የሚያስተምር ዘዴ አዘጋጅተው አሰራጩ። ከትምህርቶቻቸው በአንዱ ልጆች 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥቦች የታተሙባቸውን አምስት ካርዶች ይይዛሉ። ካርዱን በመግለጥና በመገልበጥ ከ0 እስከ 31 ያለውን ቁጥር ሁሉ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ካርድ የጎረቤቱ እጥፍ ነው። ብርን፣ አላድን፣ ሩብንና ተሙንን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ማጋመስ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ የጅምላ ነጋዴ የ1,000 ደንበኞቹን ስም በፊደል ተራ ጽፎ ቢይዝ፣ የአንዱን ዱቤ ለማወቅ ሁሉንም ማንበብ የለበትም። መዝገቡን ከመካከል ይከፍታል፤ ስሙ ከዚያ በፊት ከሆነ የኋለኛውን ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ የፊተኛውን ግማሽ ይተዋል። የቀረውንም እንደዚሁ ያጋምሳል። በዚህ ዓይነት ከ1,000 ስሞች አንዱን ለማግኘት ከ10 ጊዜ በላይ ማጋመስ አያስፈልገውም። ስሞቹ ወደ አንድ ሚሊዮን ቢያድጉም 20 ጊዜ ይበቃል። ኮምፒዩተር በሚሊዮን ከሚቈጠሩ መዝገቦች አንዱን በቅጽበት የሚያወጣበት አንዱ ምስጢር ይህ ነው።

የመንገድ ሒሳብና የትምህርት ቤት ሒሳብ

በብራዚል አገር በሬሲፌ ከተማ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ቴሬዚንያ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ጥናት ለመርካቶ የተጻፈ ያህል ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ አምስት የመንገድ ሻጭ ልጆችን መጀመሪያ እንደ ደንበኛ ሆነው በሥራ ቦታቸው ጠየቁ። ቆየት ብለውም እነዚያኑ ስሌቶች በትምህርት ቤት መልክ አቀረቡላቸው። ልጆቹ በገበያ ላይ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች 98 በመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። በታሪክ መልክ የተጻፉትን 74 በመቶ፣ በባዶ ቁጥር የቀረቡትን ግን 37 በመቶ ብቻ አገኙ።

ከነሱ አንዱ የ12 ዓመት ልጅ፣ አንዱ 35 ክሩዜሮ የሚሸጥ ኮኮናት 10 ስንት እንደሚያወጣ ሲጠየቅ በ35 ቀኝ ዜሮ አልጨመረም። የሦስቱ 105 መሆኑን ያውቃልና 105ን ሦስት ጊዜ ደምሮ 315 አደረሰ፤ የቀረውን አንድ 35 ጨምሮም 350 አለ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱን እርምጃ ልጁ ራሱ ያውቀዋል።

በመርካቶ መንገዶች ላይ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞር ሱቅ በደረቴ እንዲህ ያለውን የቃል ሒሳብ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ይኸው ልጅ በክፍል ውስጥ ሲወድቅ የሚሰጠው ፍርድ «ጭንቅላቱ አይቀበልም» የሚል ከሆነ፣ ስሕተቱ የልጁ ሳይሆን የአቀራረቡ ነው። በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች እስከ መሰጠት የደረሰው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከማንበብና ከመጻፍ ጋር ቁጥርን ለጎልማሶች ሲያስተምር ወደ ክፍሉ የገቡት ሰዎች ባዶ ሰሌዳዎች አልነበሩም። በቃላቸው ያሰሉትን ሒሳብ በጽሑፍ ለማየት የመጡ ነጋዴዎች፣ አራሾችና የቤት እመቤቶች ነበሩ።

አስቸጋሪውን ነገር በሕዝቡ ቋንቋ የማቅረብ ልምድም በአገሪቱ አዲስ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውንና ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፉን ሲጽፍ፣ የንግድን፣ የገንዘብንና የሀብትን ሕግ ለተራው አንባቢ በአማርኛ አስረድቷል። በሙያው ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የቀረጥ ሹም ስለነበር የሚጽፍበትን ነገር ከገበያው ያውቀው ነበር።

ዕቁብና የዕድል ስሌት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የዕቁብን ምንነት በአጭሩ ይገልጸዋል። በመርካቶ ብዙ ሱቆች የተከፈቱት፣ ብዙ ነጋዴዎችም ከውድቀት የተነሡት በዕቁብ ገንዘብ ነው። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ፣ ዋስና ቅጣት ያለው ማኅበር ሲሆን በውስጡም የተሰወረ ሰፊ ሒሳብ አለ።

20 ዕቁብተኞች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ አንዱ 20,000 ብር ይወስዳል። ዕጣው ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ይኸውም መጀመሪያ ዕጣ የሚያነሣው ሰው ከሁለተኛው የበለጠ ዕድል አለው የሚለው ነው። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚያነሣው ዕድሉ ከ20 አንድ ነው። ሁለተኛው የሚያገኘው መጀመሪያ የፊተኛው ካላገኘ፣ ይኸም ከ20 በ19 እጅ፣ ቀጥሎም ከቀሩት 19 ዕጣዎች የሱ ከወጣለት ነው። 19 ሃያኛን በ1 አሥራ ዘጠነኛ ስናባዛ ተመልሶ 1 ሃያኛ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማን አስቀድሞ አነሣ በሚል መጣላት ከንቱ ነው፤ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። ይህን ለማስረዳት የተጣጠፉ 20 ወረቀቶችና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ይበቃሉ።

ሁለተኛውም ነጥብ ከዚህ ያነሰ አይደለም። በመጨረሻ ሁሉም 20,000 ጥሎ 20,000 ይወስዳል። ሆኖም የመጀመሪያው ባለዕጣ ያለ ወለድ የተበደረ ሰው ሲሆን፣ የመጨረሻው ደግሞ ያለ ወለድ ያበደረ ነው። የዕቃ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የመጨረሻው ባለዕጣ የሚቀበለው 20,000 ብር በመጀመሪያው ሳምንት ይገዛው የነበረውን ያህል ዕቃ አይገዛለትም። ዕቁብተኞች ተራቸውን እርስ በርስ የሚለዋወጡትና አንዳንዴም የሚሻሻጡት ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው። የባንክ ባለሙያ «የገንዘብ የጊዜ ዋጋ» ብሎ የሚጠራው ትምህርት ከዚህ ሌላ አይደለም።

መኪናው ሲገባ

የመርካቶ ሒሳብ ትልቁ ጠባይ በአደባባይ የሚሠራ መሆኑ ነበር። ጠጠሩ በሻጩና በገዢው መካከል ይቀመጣል፤ ሸማው በሁለቱም ፊት ይለካል፤ የዕቁቡ ዕጣ በሁሉም ፊት ይወጣል። የተጠራጠረ ሰው «ይደገም» ይላል፤ ይደገማልም። የሒሳቡ ዳኛ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ማለት ነው።

የስሌት መኪና፣ ኋላም የሽያጭ መመዝገቢያ መኪናና ኮምፒዩተር ወደ ገበያው ሲገቡ ይህ ጠባይ ተለወጠ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር በተሸጠ ዕቃ ላይ ታክሱ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው 1,150ን በ15 በመቶ አባዝቶ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ይህ ስሕተት ነው። 15 በመቶው የሚታሰበው ታክሱ ከመጨመሩ በፊት ባለው ዋጋ፣ ማለትም በ1,000 ብር ላይ ስለሆነ፣ ታክሱ 150 ብር ነው። በአንድ ዕቃ ላይ የሚፈጠረው የ22 ብር ከ50 ሳንቲም ልዩነት በዓመት ሽያጭ ሲባዛ የአንድን አነስተኛ ነጋዴ ትርፍ ሊውጥ ይችላል። መኪናው ትክክለኛውን ቁጥር ያወጣል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም።

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ በእጅ ሳይነካ በስልክ መተላለፉ እየተለመደ ሄዷል። ጥቅሙ የማይካድ ነው። ይሁን እንጂ ስልኩ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ሌላ ሰው እንዲያነብለት የሚለምን ነጋዴ፣ አባቱ በጠጠር ሲያሰላ የነበረውን ሥልጣን አጥቷል። ቀድሞ ያጣራ ነበር፤ አሁን ያምናል። ካመነበት ሰው እጅ የተታለለ እንደሆነም መቼና እንዴት እንደተታለለ ለይቶ ለመናገር አይችልም።

የባለሙያው ድርሻ

እንግዲህ ሒሳብንና ኮምፒዩተርን ለሕዝብ ማስረዳት ማለት ረቂቁን ነገር በቀልድና በሥዕል ማስጌጥ ብቻ አይደለም። ቀልዱና ሥዕሉ ይረዳሉ፤ ዋናው ግብ ግን ሰሚው ያገኘውን ውጤት ራሱ ለማጣራት እንዲችል ማብቃት ነው። ለዚህም ከላይ ከታየው ታሪክ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ መነሻው ሰሚው የሚያውቀው ስሌት መሆን አለበት። ለሸማ ነጋዴ ከክንድ፣ ለዕቁብ ጸሐፊ ከዕጣ፣ ለቡና ነጋዴ ከፈረሱላ መጀመር ይገባል። ሁለተኛ፣ ዘዴው ከነምክንያቱ መቅረብ አለበት። ተጋማሹ መስመር የሚሰረዘው ክፉ መንፈስ ስላለበት ነው ብሎ ማለፍ ይቀልላል፤ 13 ከ8፣ ከ4 እና ከ1 እንደሚሠራ ማሳየት ግን ሰሚውን ከሚሰጠው ሰው እጅ ነጻ ያወጣዋል። ሦስተኛ፣ ባለሙያው ከገበያው ለመማር ፈቃደኛ መሆን አለበት። በብራዚል የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ የልጆቹ ዕውቀት የታየው መርማሪዎቹ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው እንደ ደንበኛ በልጆቹ ፊት በቆሙ ጊዜ ነው።

ታክስ ከፋዩን የሚያስተናግደው ሠራተኛ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ 1,150 ወደ 1,000ና ወደ 150 እንዴት እንደሚከፈል በሁለት ደቂቃ ቢያሳይ፣ የባንክ ሠራተኛው የወለዱን አቈጣጠር በዕቁብ ምሳሌ ቢያስረዳ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያው መሣሪያውን ከማስረከቡ በፊት ነጋዴው የቀኑን ሽያጭ በእጁ ደምሮ ከመኪናው ውጤት ጋር እንዲያስተያይ ቢያደርግ፣ ወጪው ትንሽ ነው። በዚህ ዓይነት የሠለጠነ ነጋዴ መኪናው ሲሳሳት ያውቃል፤ መኪናው ትክክል ሲሆንም ያለ ጥርጣሬ ይቀበለዋል። ሻጭና ገዢ በአንድ ሒሳብ ላይ ተስማምተው የሚለያዩበት ገበያ ደግሞ ከማንኛውም ገበያ ይልቅ ይጸናል።